ብሩሽ እያለ ሕፃናት የወጡበት ጭስ ማውጫ

ለብዙ መቶ ዓመታት አብዛኛው የእንግሊዝ ቤት ጭስ ማውጫ አልነበረውም። እሳቱ ከአዳራሹ መሐል ወለሉ ላይ ይነድዳል፤ ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ በጣራው ቀዳዳ ይሾልካል፤ የቀረው ደግሞ ማገሩና ወራጁ ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይንጠለጠላል። ሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን በዓይነ ሕሊናው ለማየት አይቸገርም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ነገሩ ተለወጠ። ዊሊያም ሃሪሰን የተባለ ቄስ በ1577 ስለ አገሩ ባሳተመው ጽሑፍ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው ካዩዋቸው ትልልቅ ለውጦች አንዱ የጭስ ማውጫ መብዛት እንደሆነ መናገራቸውን መዝግቧል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በዚያው ዘመን የማገዶ እንጨት ዋጋ እየናረ ሄደ። ለንደን ፊቷን ከኒውካስል በመርከብ ወደሚመጣው የድንጋይ ከሰል አዞረች። ከሰሉ ርካሽና ሙቀቱ የበረታ ነበር፤ ጭሱ ግን ከእንጨት ጭስ ይከፋል። ማንኛውም ማገዶ በቂ አየር አግኝቶ ሙሉ በሙሉ ካልነደደ ያልተቃጠለው ካርቦን ብናኝ ሆኖ ይወጣል። ከብናኙ ጋር ሬንጅ መሰል ቅባት አብሮ ይወጣና የጭስ ማውጫው ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ይረጋል። የመጀመሪያው ንብርብር በእጅ ቢነኩት የሚረግፍ ዱቄት ነው። እሳት በነደደ ቁጥር በላዩ ላይ ሌላ ሲጨመርበት እየጠነከረ ሄዶ በመቧጠጫ ካልሆነ የማይለቅ ቅርፊት ይሆናል። ቅርፊቱ የጭሱን መንገድ ያጠባል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ራሱ ማገዶ መሆኑ ነው፤ አንድ ቀን ከታች ብልጭታ ሲደርሰው ከምድጃው እስከ ጣራው ይቀጣጠላል።

በገጠር ያሉ ሰዎች ለዚህ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ቅጠሉ እሾሃማ የሆነ ቁጥቋጦ ቆርጠው በረጅም ገመድ መሐል ያስራሉ፤ አንዱ ጣራ ላይ፣ ሌላው ምድጃው ሥር ቆሞ ወደ ላይና ወደ ታች ይጎትቱታል። የመንደር ጭስ ማውጫ ሰፊና ቀጥ ያለ ስለነበር ይህ ይበቃ ነበር።

የከተማው ግን እንዲህ አልሆነም። በመስከረም 1666 ታላቁ የለንደን ቃጠሎ 13,200 ያህል ቤቶችን አወደመ። ከተማዋ በጡብ እንደገና ተሠራች። አዲሶቹ ቤቶች ብዙ ፎቅና ብዙ ምድጃ ያላቸው ሲሆኑ፣ የእያንዳንዱ ምድጃ ጭስ በግድግዳው ውስጥ በራሱ ቱቦ ይወጣል። ቱቦው ከላይ ያሉትን ክፍሎችና ምድጃዎች ለመሸሽ ይታጠፋል፣ ያዘነብላል፣ አንዳንዴም አግድም ይተኛል። ከሰል ጭሱን በኃይል የሚስብ ጠባብ መንገድ ስለሚፈልግ ብዙዎቹ ቱቦዎች 14 በ9 ኢንች ማለትም 36 በ23 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኑ። 9 በ9 ኢንች ብቻ የሆኑም ነበሩ። በዚህ ስፋት የዐዋቂ ሰው ትከሻ አያልፍም፤ በገመድ የታሰረ ቁጥቋጦም በየማዕዘኑ ይያዛል። ስለዚህ ጭስ ጠራጊዎቹ በዚያ ቀዳዳ ሊያልፍ የሚችል አንድ ነገር ብቻ ታያቸው፤ እሱም የሕፃን ገላ ነበር።

ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት የሚያሳድጉት የየሰበካው ሹማምንት ልጁን ለአንድ አለቃ በተለማማጅነት ይሰጡት ነበር፤ ከልጁ ጋር ገንዘብም ለአለቃው ይከፈል ነበር። የቸገራቸው ወላጆች ልጃቸውን የሸጡበትም ጊዜ አለ። ዕድሜው አምስት ወይም ስድስት ዓመት ቢሆን ይመረጣል፤ አራት ዓመት ያልዘለለም ይገኝ ነበር። ልጁ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፤ ምድጃው ለቁርስ ሳይለኮስ መድረስ አለበትና። ፊቱን እስከ አገጩ በጨርቅ ቆብ ይሸፍናል። በአንድ እጁ ብሩሽ፣ ለጠነከረው ቅርፊት ደግሞ የብረት መቧጠጫ ይይዛል። ጀርባውን በአንደኛው ግድግዳ፣ ጉልበቱን በሌላው ተደግፎ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሌላውን ከጎኑ አጣብቆ በክርኑና በጉልበቱ እየገፋ ይወጣል። የሚቧጥጠው ጥቀርሻ በራሱ ላይ ይዘንባል። ጫፍ ሲደርስ ብሩሹን ከጣራው በላይ አውጥቶ ያሳያል፤ ሥራው ለማለቁ ማረጋገጫው ይኸው ነው።

የጀማሪ ክርንና ጉልበት ግን በጡቡ ይላጣል። በ1863 አንድ የኖቲንግሃም ጭስ ጠራጊ አለቃ ለመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን ሲመሰክር፣ የልጆቹን ቆዳ ለማደንደን ከሚነድ እሳት አጠገብ አቁመው በብርቱ የጨው ውኃ ያሹት እንደነበር፣ ይህን ሲያደርጉም በዱላ ወይም በሳንቲም ማባበያ ያቆሟቸው እንደነበር አስረድቷል። አንዳንዱ ልጅ ቆዳው እስኪደድር ዓመታት ይፈጅ ነበር። ሌሊት የሚተኙት ቀን የሰበሰቡትን ጥቀርሻ በያዙት ጆንያዎች ላይ ነው። ጥቀርሻው ለአለቃው ገቢ ነበር፤ ገበሬዎች ለማዳበሪያ ይገዙታል።

ሞት አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ይመጣ ነበር። አንደኛው ልጁ ሲንሸራተት ጉልበቱ ወደ አገጩ ተጣጥፎ ሲቀረቀር ነው፤ በታገለ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። ሁለተኛው በቱቦው መታጠፊያ ላይ የተከማቸ ጥቀርሻ በላዩ ሲናድ ነው፤ ያን ጊዜ ታፍኖ ይሞታል። ሌላ ልጅ ገመድ ይዞ ይላክና እግሩን አስሮ ለማውጣት ይሞከራል፤ ካልሆነ ግድግዳው ይፈርሳል።

ከቱቦው በሕይወት የወጡትን ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቃቸው ነበር። በ1775 በለንደኑ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበረው ፐርሲቫል ፖት ጭስ ጠራጊዎች ጎልማሳ ሲሆኑ በዘር ፍሬ ከረጢታቸው ቆዳ ላይ የሚወጣ ቁስል መኖሩን ገለጸ። ሠራተኞቹ የጥቀርሻ ኪንታሮት ይሉት ነበር፤ ብዙ ሐኪሞች የአባላዘር በሽታ መስሏቸው በሜርኩሪ ያክሙት ነበር። ፖት ግን ካንሰር መሆኑን፣ መንስኤውም በቆዳው እጥፋት ውስጥ የሚቀመጠው ጥቀርሻ መሆኑን አስረዳ። በሕክምና ታሪክ አንድ የካንሰር ዓይነት ከአንድ ሙያ ጋር በግልጽ ሲያያዝ የመጀመሪያው ይህ ነው። ፖት በዚያው ጽሑፉ ስለ በሽታው ብቻ ተናግሮ አላለፈም፤ እነዚህ ሰዎች ገና በልጅነታቸው በጭካኔ እንደሚያዙ፣ በጠባብና አንዳንዴም በጋለ ቱቦ ተገፍተው እንደሚቆስሉና እንደሚታፈኑ በሐዘኔታ አስፍሯል።

በዚህ ጊዜ ለልጆቹ ይሟገት የነበረው ሰው ጆናስ ሃንዌይ ይባላል። በሩሲያና በፋርስ የነገደ፣ በ1756 ድኻ ልጆችን ለባሕር ሥራ የሚያሰለጥን ማኅበር ያቋቋመ ነጋዴ ነበር። ስለ ጭስ ጠራጊ ልጆች ለዓመታት ሲጽፍ ኖሮ በ1785 ኑሯቸውን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ፤ በቀጣዩ ዓመትም ሞተ። ልፋቱ ፍሬ ያፈራው በ1788 ነው። ሙያውን ከውስጥ የሚያውቀው ጭስ ጠራጊ አለቃ ዴቪድ ፖርተር ጭምር የደገፈው ሕግ በፓርላማ ጸደቀ። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ በተለማማጅነት እንዳይያዝ፣ አንድ አለቃም ከስድስት ተለማማጆች በላይ እንዳይኖሩት ደነገገ። ረቂቁ አለቆች ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ አንቀጽ ነበረው፤ የሎርዶች ምክር ቤት ያንን አንቀጽ ሰረዘው። ልጁ ስምንት ዓመት እንደሞላው ማን ይመርምር? አለቃው ስንት ልጅ እንዳለው ማን ይቁጠር? ሕጉ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አልነበረውም፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ቀረ። ይህ የተሰረዘ አንቀጽ ከ87 ዓመት በኋላ እንደገና ይመጣል።

ለልጆቹ የሚያዝን ሰው በዚያ ዘመን አልጠፋም። ባለጸጋዋ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ሞንታጉ በየዓመቱ ግንቦት አንድ ቀን የለንደን ጭስ ጠራጊዎችን በቤቷ ግቢ ሰብስባ ጥብስ ታበላቸው ነበር። ገጣሚው ዊሊያም ብሌክም በ1789ና በ1794 ባሳተማቸው መድበሎች ስለ እነሱ ጽፏል። ልጆቹ ግን በማግሥቱ ወደ ቱቦው ይመለሱ ነበር።

በ1803 ልጆች ወደ ጭስ ማውጫ መውጣታቸውን አላስፈላጊ ለማድረግ ያለመ ማኅበር ለንደን ውስጥ ተቋቋመ። ማኅበሩ ልጁን የሚተካ መሣሪያ ለሚሠራ ሰው ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ጆርጅ ስማርት የተባለ የእንጨት ነጋዴ መልሱን ይዞ ቀረበ። መሣሪያው ውስጣቸው ክፍት የሆኑ አጫጭር ዘንጎች ናቸው። በሁሉም ውስጥ አንድ ገመድ ያልፋል፤ ጠራጊው ምድጃው ሥር ቆሞ አንዱን ዘንግ በሌላው ላይ እየሰካ ወደ ላይ ይገፋል። ጫፉ ላይ ያለው ትልቅ ብሩሽ ሲወጣ ይታጠፋል፤ አናት ሲደርስ ገመዱ ይሳብና ይዘረጋል፤ ከዚያ ዘንጎቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ ብሩሹ ጥቀርሻውን እየጠረገ ይወርዳል። የምድጃው አፍ በጨርቅ ስለሚጋረድ ብናኙ ወደ ክፍሉ አይገባም። ከዚህ በኋላ አንድም ልጅ ወደ ጭስ ማውጫ የሚልክ ሰው ሌላ መላ የለም ብሎ ማመካኘት አይችልም ነበር።

መሣሪያው ግን ገበያ አጣ። አለቆቹ በእጃቸው ያለውን ነፃ ጉልበት ትተው ዘንግ መግዛት አልፈለጉም። የቤት እመቤቶች ምንጣፋቸው እንዳይቆሽሽ ፈሩ፤ አሽከሮችም ልጁ በደንብ ያጸዳል እያሉ ብሩሹን መለሱት። የተጣመመ ቱቦ ያላቸው ባለቤቶች ደግሞ መታጠፊያው ላይ ትንሽ መስኮት ከፍተው ለብሩሹ መግቢያ ማበጀት ይችሉ ነበር፤ የግንበኛ ሒሳብ መክፈል ግን አልወደዱም።

ብሩሹ በተሠራ በአሥር ዓመቱ፣ መጋቢት 29 ቀን 1813፣ ቶማስ ፒት የተባለ የስምንት ዓመት ልጅ በለንደን የላይኛው ቴምስ ጎዳና ላይ ያለ የቢራ መጥመቂያ ጭስ ማውጫ እንዲጠርግ ተላከ። እሳቱ የጠፋው ሠራተኞቹ ሲደርሱ ነበርና ቱቦው አልበረደም። ልጁ ከላይ ወደ ታች ገባ። ብዙም ሳይቆይ መውጣት እንዳልቻለ ጮኸ። ግድግዳውን በስተው ሲያወጡት ሞቷል፤ ክርኑና ጉልበቱ ተቃጥለው ነበር። በዚያ ሁኔታ ሆኖ ለመውጣት ሲታገል እንደነበር ገላው መሰከረ። ጉዳዩ በ1817 በሄንሪ ግሬይ ቤኔት ሰብሳቢነት ለተቋቋመው የፓርላማ ኮሚቴ ቀረበ። ኮሚቴው አለቆችን፣ ሐኪሞችንና መሣሪያ ሠሪዎችን ሰምቶ አብዛኛው ጭስ ማውጫ በመሣሪያ ሊጠረግ እንደሚችል፣ ልጆችን መላክም በሕግ መከልከል እንዳለበት ደመደመ። የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተስማማ። የሎርዶች ምክር ቤት ግን እስከ 1819 ድረስ ረቂቁን ደጋግሞ ጣለው። በተቃዋሚዎቹ ዘንድ የቤት ባለቤቶች ንብረትና ከእሳት መጠበቅ ይቀድም ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ምሕረት ለግለሰብ ሕሊና ይተው የሚሉም ነበሩ። ልጆቹ በእነዚያው ግለሰቦች ሕሊና ሥር እየሞቱ እንደሆነ ኮሚቴው በማስረጃ አሳይቷቸው ነበር።

በ1828 ጆሴፍ ግላስ የስማርትን ሐሳብ አሻሻለ። ከባዱን ዘንግ በሚተጣጠፍ ሸንበቆ ተካው፤ በጫፉ ላይም ከዓሣ ነባሪ አፍ የሚገኝ ጠንካራና ተጣጣፊ ቃጫ ያለበት ክብ ብሩሽ ገጠመ። ይህ መሣሪያ መታጠፊያ ሲያጋጥመው ይጎብጥና ያልፋል። ዛሬም የጭስ ጠራጊ ብሩሽ በመሠረቱ የግላስ ነው፤ የተለወጠው የሚሠራበት ነገር ብቻ ነው።

ከዚህ ወዲህ ሕጎች ተከታተሉ። የ1834ቱ ሕግ የተለማማጁን ዝቅተኛ ዕድሜ ወደ አሥር ከፍ አደረገ፤ አዲስ የሚሠሩ ጭስ ማውጫዎችም ስፋት እንዲኖራቸው አዘዘ። የ1840ው ሕግ ከ21 ዓመት በታች ያለ ማንም ሰው ጭስ ማውጫ ውስጥ እንዳይገባ ፈጽሞ ከለከለ። በለንደን ለውጥ ታየ። በሌሎች ከተሞች ግን አለቆቹ እንደ ቀድሞው ሠሩ፤ ክስ ቢቀርብም ዳኞቹ ራሳቸው ቤታቸውን በልጆች ስለሚያስጠርጉ ለመፍረድ ያመነቱ ነበር። የ1863ቱ መርማሪ ኮሚሽን ሥራውን ሲጀምር ሕጉ ከወጣ 23 ዓመት ሆኖት፣ ልጆች አሁንም ይወጡ ነበር። ሎርድ ሻፍትስበሪ፣ በፋብሪካና በማዕድን ማውጫ ለሚለፉ ሕፃናት ዕድሜውን ሙሉ የተከራከረው ሰው፣ በ1864 ቅጣቱን የሚያጠነክር ሌላ ሕግ አስወጣ። እሱም ከከሳሽ እጦት የተነሣ ሳይሠራ ቀረ።

የካቲት 1875 በካምብሪጅ አቅራቢያ በፉልበርን የሚገኘው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ጭስ ማውጫ እንዲጠረግ ተባለ። አለቃው የ11 ዓመቱን ጆርጅ ብሩስተርን ላከ። ልጁ ከገባ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ተቀረቀረ። ግድግዳ ፈርሶ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። አለቃው በሰው መግደል ወንጀል ተከሶ የስድስት ወር እስራት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት። ሻፍትስበሪ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ ይህን ሞት ይዞ እንደገና ምክር ቤት ቆመ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ማንኛውም ጭስ ጠራጊ በየዓመቱ ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደ፤ የቀደሙትን ሕጎች የማስፈጸም ግዴታም ለፖሊስ ሰጠ። በ1788 ሎርዶቹ የሰረዙት አንቀጽ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ልጆችን ወደ ጭስ ማውጫ የመላክ ልማድ በእንግሊዝ አከተመ።

የፖት ጥያቄም ሳይረሳ ቀጠለ። በ1892 ሄንሪ በትሊን የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የጥቀርሻ ካንሰር በእንግሊዝ ሲበዛ በአውሮፓ ዋና ምድር ለምን እንደማይታይ መረመረ። የጀርመንና የአካባቢው ጠራጊዎች ገላቸውን አጥብቆ የሚሸፍን ልብስ እንደሚለብሱና አዘውትረው እንደሚታጠቡ አገኘ። የዴንማርክ ጠራጊዎች ማኅበር አባላቱን በየቀኑ እንዲታጠቡ የመከረው ገና በ1778 ነው። በ1915 ጃፓናውያኑ ያማጊዋና ኢቺካዋ የጥንቸል ጆሮ ላይ የከሰል ሬንጅ ደጋግመው በመቀባት ካንሰር አመጡ። በ1933 ለንደን ላይ ተመራማሪዎች ከሁለት ቶን የከሰል ሬንጅ ዝቃጭ ቤንዞፓይሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ፖት በዓይኑ ያየው በሽታ ከ158 ዓመት በኋላ ስም ያለው መንስኤ ተገኘለት።

በታኅሣሥ 1952 የለንደን ጭስ ከጉም ጋር ተደባልቆ ለአምስት ቀን ከተማዋን ሸፈነ፤ በመጀመሪያው ግምት ብቻ 4,000 ሰው ሞተ። በ1956 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ከተሞች ጭስ የማያወጣ ማገዶ የሚነድባቸውን ቀጠናዎች እንዲከልሉ ፈቀደ። የከሰል ምድጃው ዘመን እያበቃ ሄደ።

ጥቀርሻ ግን አብሮ አላለፈም። የነዳጅ ዋጋ በናረባቸው በ1970ዎቹ ብዙ ቤተሰቦች በተለይ በሰሜን አሜሪካ ወደ እንጨት ምድጃ ተመለሱ። እርጥብ እንጨት አየሩ ተዘግቶ ቀስ ብሎ ሲጤስ የሚወጣው ቅባት በቱቦው ግድግዳ ላይ ክሪዮሶት የሚባል ቅሪት ይተዋል። ቅሪቱ ሦስት ደረጃ አለው። ዱቄት የሚመስለው በተራ ብሩሽ ይለቃል። ቅርፊት የሠራው በመሰርሰሪያ የሚሽከረከር ጠንካራ ብሩሽ ወይም ሰንሰለት ይፈልጋል። ሦስተኛውና እጅግ አስቸጋሪው እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ልባስ ነው። ብሩሽ በላዩ ይንሸራተታል፤ በኃይል ቢመቱት ደግሞ የሸክላው ቱቦ አብሮ ይሰነጠቃል። ባለሙያ መጀመሪያ ቅባቱን አድርቆ የሚያፈረፍር ኬሚካል ይቀባውና ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ይጠርገዋል፤ ካልሆነ የቱቦውን ውስጠኛ ሽፋን ይቀይራል። እንዲህ ያለው ልባስ ሲቀጣጠል ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ዛሬ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የእንጨት ምድጃ ባለው ቤት የሚኖር ወገን ሁለት ነገር ይያዝ፦ የሚያነደው እንጨት እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች እስኪሆን ይድረቅ፤ ጭስ ማውጫውም በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ይመርመር።

ከስማርት ብሩሽ እስከ 1875ቱ ሕግ 72 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት የሞቱት ልጆች የሞቱት መሣሪያ ጠፍቶ አልነበረም። ሐኪሙ ጉዳቱን ነግሯል፣ ነጋዴው ብሩሹን ሠርቷል፣ ፓርላማውም ሦስት ጊዜ ክልከላና ቅጣት ጽፏል። ልጆቹን ከቱቦው ያስወጣቸው ግን ፈቃድህን አሳየኝ የሚል ፖሊስ ነው። በየትኛውም አገር ሕፃናትን ከከባድ ሥራ የሚያድን ሕግ ሲወጣ፣ አንቀጹን ካነበብን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ የሚያስፈጽመው ማን ነው? መልስ ከሌለው ሕጉ ገና አልወጣም ማለት ነው።